የማን ተማሪ ነህ?

የያዙኝ ደሴ ላይ ነው፤ ከከተማዋ በላይ ባለው ተዳፋት፣ በአንድ እጄ መለኪያ ሜትር በሌላው መዶሻ እንደያዝኩ። ክረምት ነበር። ጉሙ ወርዶ የሆጤን ሰፈር ሸፍኖታል፤ ከታች የሚሰማኝ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ነው። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት ሚሊሻዎች ከእኔ በፊት ያዩት ፌሮዎቹን ነው። ቁራጭ ፌሮዎች በተርታ መሬት ላይ ተተክለዋል፤ ጫፋቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ተራራ ፎቶ ያነሳ ሁሉ ለከባድ መሣሪያ ዒላማ ያመቻቻል የሚባልበት ጊዜ። አንደኛው ሚሊሻ ፌሮውን በጫማው ጫፍ እየነካካ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መሬቱ ይሄድ እንደሆነ የምንለካበት ነው አልኩት። «መሬት ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አልፈርድበትም፤ ለማያውቀው ሰው ያስቃል።

ከዚያ ሳቁን ትቶ «የማን ነህ?» አለኝ።

ተማሪ ነኝ አልኩ።

«የማን ተማሪ?»

የመምህሬን ስም ከነማዕረጉ ነገርኩት። በኩራት ነበር የተናገርኩት።

ትምህርት ቤታችን ኮምቦልቻ ነው። ያኔ የሲቪል ምህንድስና አራተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ምርምር የመምህራን ጉዳይ ነው። ተማሪ ምርምር የሚባለውን ነገር የሚያውቀው መመረቂያ ጽሑፉ ሲደርስ ነው፤ እሱንም ብዙው ሰው ከቀደመው ባች ተቀብሎ ስም ይቀይርበታል። መምህራችን ይህን እለውጣለሁ ብሎ መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። ከክፍላችን ጥቂቶቻችንን መርጦ ከእኔ ሥር ሆናችሁ ምርምር ትሠራላችሁ፣ ሙያውን እያየን አብረን እንማራለን ሲለን፣ እኔ ያን ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ። የገራዶ ቄስ ልጅ ነኝ፤ ከቤታችን እስከዚያ ድረስ የሄደ ሰው አልነበረም። አሁን «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ያኔ በሌለበት እንኳ አንቱ ነበር የምለው።

ጥሩ አስተማሪ ነበር። እኔ ይህን አልክድም። በየሳምንቱ ቅዳሜ ደሴ ወጥተን፣ ፌሮዎቹ ካለፈው ሳምንት ምን ያህል እንደተንፏቀቁ እንለካለን። ማስታወሻችንን በሁለት ከፍለን እንድንይዝ አስለመደን፤ በአንዱ በኩል ያየነው፣ በሌላው በኩል የሰማነው። የሰፈሩ ሰው «ይህ አጥር አምና ቀጥ ያለ ነበር» ቢለን የሰማነው ውስጥ ይገባል። ዛሬ በውሃ ልክ ለክተን መጥመሙን ካረጋገጥን ያየነው ውስጥ ይገባል። ሁለቱን የሚያምታታ ኢንጂነር ሰው ይገድላል ይለን ነበር። ግድግዳቸው በተሰነጠቀ ቤቶች ደግሞ ስንጥቁ ላይ ተሻግሮ የሚያልፍ ቀጭን ጀሶ እንለጥፋለን። ጀሶ ከደረቀ በኋላ መለጠጥ አያውቅም፤ ቤቱ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። አጠገቡ ደህናው ግድግዳ ላይም ሌላ ጀሶ እንለጥፋለን። ሁለቱም ከተሰነጠቁ ጥፋቱ የጀሶው ነው። ስንጥቁ ላይ ያለው ብቻ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው።

የፈቃድ ደብዳቤ ይዘን እንውጣ ብለነው ነበር። ደብዳቤው በሂደት ላይ ነው አለን። «ማንም ቢጠይቃችሁ ስሜን ጥሩ፤ እናንተ የእኔ ናችሁ።» ይህችን የሰማሁ ጊዜ ደብዳቤው ቢቀርም ቀረ ብያለሁ። በተያዝኩበት ቀን እሱም ሌሎቹም ስላልወጡ ብቻዬን ነበርኩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስላል። የብሎኬት ግድግዳ፣ ከላይ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነች ትንሽ መስኮት፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንት ባልዲ ሽታ። ሌላው ሰው ሲታሰር መጀመሪያ በሩን ያያል መሰለኝ፤ እኔ ግድግዳውን አየሁ። ከመስኮቷ ጥግ የተነሳ ስንጥቅ እየተጠማዘዘ እስከ ወለሉ ወርዷል። ጥፍሬን ሳስገባበት ገባ።

ክፍሉ ሕግ ነበረው። አዲስ ገቢ በሩ ሥር፣ ባልዲው አጠገብ ይተኛል፤ እየቆየ ሲሄድ ወደ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻው ቦታ ከኋላኛው ግድግዳ ሥር ያለው ጥግ ነው፤ ንፋስ አይደርሰውም፣ ሽታውም ይሻላል። ይህን ሕግ የሚያስከብረው ካቦው ነው፤ ሆጤ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ጥጉ ደግሞ የሐርቡው አባት የምንላቸው ሰው ቦታ ነበር። ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን አምጥተው ያሰሯቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ከሁላችንም ይልቅ የቆዩት እሳቸው ነበሩ። ስንጥቁ የሚወርደው ልክ በትራሳቸው በኩል ነው።

ጀሶ ከየት ይመጣል? የአባት ሴት ልጅ ከሐርቡ ስንቅ ስትልክ በየጊዜው የጥርስ ሳሙና ታስገባላቸዋለች። እሳቸው የሚጠቀሙት መፋቂያ ነው። «ለማን እንደምትልከው አላህ ይወቀው» እያሉ ይስቁባታል። የጥርስ ሳሙና ሲደርቅ እንደ ጀሶ ይጠነክራል። አስፈቅጄ ወሰድኩና አንዱን ስንጥቁ ላይ፣ ሌላውን ደህናው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ካቦው የግድግዳውን ጥርስ ልታጥብ ነው ወይ ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነሩ ሆነ። ለምን እንደማደርገው ስነግራቸው ያየነውና የሰማነው የሚለውንም አብሬ ነገርኳቸው። አባት በጣም ወደዱት። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «ታማሚው እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ደህና አድሯል እላቸዋለሁ። «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ።

መርማሪው ሲጠራኝ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የላከን መምህራችን ነው፤ የላከን መሬቱን እንድንለካ ነው፤ ሌላ ያየሁት ነገር የለም። እሱ ደግሞ መምህርህን አስመጥተን እንጠይቀዋለን ይለኛል፤ ማስፈራራቱ ነው። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሌሎቹ ጠያቂ ሲጠብቁ እኔ መምህሬን እጠብቃለሁ። እሱ መጥቶ አንዲት ቃል ከተናገረ መውጣቴ ነው ብዬ ስለምተማመን፣ ካቦው ለሚስቱ የምነግርለትን መልእክት ሁሉ አስጠንቶኝ ነበር።

መጣ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ወደ ቢሮ ስወሰድ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ እግሩ ሥር የተጋደመው ጃንጥላ ውሃ ያንጠባጥባል። ሻይ ቀርቦለታል። ሰላም ልለው ጎንበስ ስል ዓይኑን ወደ ሻዩ መለሰ።

«ይህን ልጅ ያውቁታል?» አለ መርማሪው።

«ከማስተምራቸው ብዙ ልጆች አንዱ ይመስለኛል» አለ መምህሬ።

«ተራራው ላይ ብረት እንዲተክል ልከውታል?»

«እኔ ክፍል ውስጥ ስለ መሬት መንሸራተት አስተምራለሁ። ከዚያ ውጭ ተማሪ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን አላውቅም።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚሉት ይህን ነው። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ መሬት መሬት አየሁ፤ ያን ጊዜ ጫማውን አየሁት። ቀኝ ጫማው ላይ የቀይ ቀለም ጠብታ አለች። ፌሮዎቹን ግቢ ውስጥ አብረን የቀባን ቀን፣ እጅጌውን ሰብስቦ ከእኛ ጋር ሲቀባ የተንጠባጠበችበት ናት። ሊያስለቅቃት ሲፈትግ ስቀንበት ነበር። ጠብታዋን ማየቴን አየና እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ሥር ሳበው።

መርማሪው አመስግኖ አሰናበተው። ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ፤ ሻዩን አልጠጣውም። ያ ሰው ፈርቶ ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ሚስትና ሕፃናት ልጆች አሉት፤ ይህንንም አውቃለሁ። አውቄውም ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይመረኛል።

መርማሪው «ሰማህ? የማንም አይደለህም» አለኝ። ቀጥሎ ነገሩን በእርጋታ አስረዳኝ፤ ክፉ ሰው እንኳ አይመስልም ነበር። መምህሬ እንደላከኝና በድብቅ የሚያገናኘው ሰው እንዳለ ከተናገርኩ ዛሬውኑ ቤቴ አድራለሁ። ካልተናገርኩ ፌሮው፣ ሜትሩ፣ ቁጥሩ ሁሉ የእኔ የብቻዬ ሥራ ነው፤ ክሱም የብቻዬ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ እጠራሃለሁ፣ አስበህ ና አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሁሉም ፊቴን አይተው ገባቸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ካቦው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ቆይቶ «ወንድሜ፣ እሱ ሸጦሃል። ምን ቀረህ? የተባልከውን በልና ውጣ» አለኝ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔም ውስጤ የፈለገው ይህንኑ ነበር። ያንን የቆዳ ጃኬት ለብሶ ከባልዲው አጠገብ ሲተኛ እያሰብኩ የምናገረውን መደርደር ጀመርኩ፤ የሚያገናኘው ሰው መልክ ምን ይመስላል፣ የት ነው የሚገናኙት፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ መጣልኝ።

የሐርቡው አባት አልመከሩኝም። «ዛሬ ታማሚውን ሳትጎበኘው ዋልክ እኮ» አሉኝ። ሐሳቤን ሊያስቀይሩኝ መሆኑ ገብቶኛል። ላለማሳዘን ያህል ተነስቼ ሄድኩ።

ስንጥቁ ላይ ያለው የጥርስ ሳሙና ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀጭን ነው፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ደህናው ግድግዳ ላይ ያለውን በጣቴ ዳሰስኩት። እንዳለ ነው። ድጋሚ አየሁ፤ ከዚያ አባት ከጥጉ እንዲነሱ ጠየቅኳቸው። ካቦው ተቆጣ፤ ያንን ቦታ ያገኙት በቆይታቸው ነው፣ ከዚያ ከተነሱ የክፍሉ ሕግ ፈረሰ ማለት ነው አለ። አባት ግን እኔን ነው ያዩት።

«አየህ ወይስ መሰለህ?»

«አየሁ አባቴ።»

አንድ ቃል ሳይጨምሩ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ በሩ፣ ባልዲው አጠገብ ሄዱ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ማን ይቀራል? ካቦውም ሌላውም እያጉረመረመ ተከተለ። ሁላችንም በሩ ሥር እንደ ጆንያ ተደራረብን።

ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ሲያይ ክፍሉ ባዶ መስሎት ደነገጠና በሩን ከፈተ። ግድግዳው ላይ ነጩን ልጥፍ አየ። ስንጥቁን አየ። ግድግዳ ሊቦረቡሩ ነው፣ ሊያመልጡ ነው እያለ ጮኸ፤ ዱላውን አንስቶ ይህ የማን ሥራ ነው አለ። ልናገር አፌን ስከፍት አባት በትከሻዬ ተደግፈው ተነሱ።

«ያስደረግሁት እኔ ነኝ፤ ሳሙናውም የእኔ ነው። ልጁ የእኔ ልጅ ነው፣ የምትጠይቀውን እኔን ጠይቅ» አሉት።

ጠባቂው ያውቀኛል፤ አባቴ መስቀሉን ይዞ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አይቷል። «ይህ የቄሱ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ነው» አሉ አባት። «የእኔም ነው።»

ጠባቂው ሳይመታን ዱላውን ዝቅ አደረገ። ያን ጠዋት እዚያ ቢሮ ውስጥ ስጠብቀው የነበረው ቃል ይህ ነበር። የመጣው ግን ስሜን እንኳ በወጉ ከማይዙ፣ ሁልጊዜ «ልጄ» ብቻ ከሚሉኝ ሽማግሌ ነው። ዞር ብዬ አለቀስኩ።

አዛዡ ራሱ መጣ፤ መርማሪውም ከኋላው ነው። ምን እንደሆነ አስረዳ አለኝ። ተራራው ላይ እንደምናደርገው አስረዳሁት። ሁለቱ ልጥፎች በአንድ ቀን የተለጠፉ ናቸው፤ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ደህና ነው፤ ይህን አይቻለሁ። መቼ እንደሚወድቅ አላውቅም፤ ይወድቃልም አልልም። ዝናቡ ከቀጠለ ግን እዚህ ግድግዳ ሥር ሰው ማደር የለበትም። አዛዡ ጣቱን ስንጥቁ ላይ እያስኬደ ቆየ። ያን ሰው ሞኝ ነው አልልም፤ በደንብ ገብቶታል።

«ከማን ተማርከው?» አለኝ።

«ከመምህሬ።»

መርማሪው «ያ አላውቀውም ያለው?» አለ።

«አዎ፣ እሱ» አልኩ።

ሁለቱም ወጡ። ብዙ ሳይቆይ ከግድግዳው ጀርባ ግርግር ሰማን። ካቦው ሊያዛውሩን ነው ብሎ ብርድ ልብሱን ጠቀለለ፤ ሳህኑን በፌስታል አሰረ። ሁላችንም ተዘጋጀን። ከጀርባችን ያለው የኤግዚቢት ክፍል ነው፤ በየመንገዱ የተያዙ ሞተር ሳይክሎች የሚቀመጡበት። ሞተሮቹ እየተገፉ በጭቃው ውስጥ ሲወጡ፣ ቀስ፣ እንዳትፍቀው ሲባባሉ እንሰማለን። ከዚያ የዚያኛው ክፍል በር ተዘጋ። የእኛ በር አልተከፈተም።

ካቦው የጠቀለለውን ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ተቀመጠበትና «ሞተሮቹ ዋስ አግኝተዋል» አለ።

ሳቅን፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ የጠቀለልነውን መልሰን በሩ ሥር ዘረጋን። አዛዡና መርማሪው ባያምኑኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አምነውኛል። ለሞተሮቹ ሲሆን ኢንጂነር ነኝ፤ ለራሴ ሲሆን ሰላይ ነኝ።

መርማሪው እንዳለው ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ወረቀቱን አቅርቦ፣ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። የደረደርኩት ውሸት ሁሉ አፌ ላይ ነው። ነገር ግን ልናገረው ስል አባት «አየህ ወይስ መሰለህ?» ሲሉ የሚሰማኝ መሰለኝ። ያንን ጥያቄ ለእሳቸው ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ያስተማረኝ ደግሞ ጠዋት የካደኝ ሰው ነው። እሱ ስለካደው እኔ ልክደው አልቻልኩም። የላከን መምህራችን ነው አልኩ። የላከን መሬቱን እንድንለካ ነው። ሌላ ያየሁት ነገር የለም።

«ክዶህም?» አለ።

«የእሱን ቃል እሱ ይስጥ። የእኔ ይኸው ነው።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረና ውሰዱት አለ። ወደ ክፍሉ ስመለስ አባት ከባልዲው ትንሽ ራቅ ያለችውን ቦታ ለእኔ ለቅቀው እሳቸው ወደ ባልዲው ተጠግተዋል። አይሆንም ብል አልሰሙኝም። «አብሽር ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን ከፍለው አለበሱኝ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ለምን እንደታሰርኩ በግልጽ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁ ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ክስ የሚባል ነገር አልመጣም። ያ ግድግዳ በቀጣዩ ክረምት ወደቀ አሉ። ይህን ሰምቼ ነው እንጂ አላየሁም። ሥሩ ሰው ይኑር አይኑር የነገረኝ የለም። አባት ከእኔ በኋላ ተፈትተው ሐርቡ ገብተዋል። ለዒድ ስወርድ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ነው» ብለው ያስተዋውቁኛል፤ የጥርስ ሳሙና ይዤላቸው እሄዳለሁ፣ ይስቃሉ።

እኔ ትምህርቴን አልጨረስኩም። ያመለጠኝን ላሟላ ብዬ ስመለስ ፋይልህ እየታየ ነው አሉኝ፤ እስካሁን እየታየ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ እሠራለሁ። ፌሮዎቹን አንድ ጊዜ ልያቸው ብዬ ተዳፋቱን ወጥቼ ነበር። አንዱም የለም፤ ነቅለው ለቁራሌው ሸጠዋቸዋል መሰለኝ።

የሚያስጽፈኝ ግን ይህ አይደለም። ታናሽ እህቴ እዚያው ትምህርት ቤት ምህንድስና ገብታለች። ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጣች። ያው የእኔ መምህር ተማሪዎችን ከሥሩ አድርጎ ምርምር ሊያሠራ ይመዘግባል፤ እሷም ተመርጣለች። ሥራውን እንድታውቀው ብሎ የታተመ ጥናቱን ልኮላታል። ተዳፋቱ አለበት፣ ፌሮዎቹ አሉበት፣ የለካናቸው ቁጥሮች አሉበት። የእኛ ስም የለበትም። አንድ ፎቶ ላይ ሜትር የያዘ እጅ አለ፤ ከአንጓው ላይ ተቆርጧል። አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ አውቃታለሁ፤ እጁ የእኔ ነው። ለእህቴ አልነገርኳትም።

ልመዝገብ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዳትሞክሪው ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰውየው ማስተማር ይችላል፤ የተማርኩት ነገር አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ከግድግዳ ሥር አስነስቷል። ይህን አይቻለሁ።

ተመዝገቢ አልኳት። ግን ተራራ ከመውጣትሽ በፊት፣ ቢሮው ቁጭ ባለበት አንድ ነገር ጠይቂው፤ ቢይዙኝና የማን ተማሪ ናት ቢሉህ ምን ትላለህ በይው።

«የእኔ ናት እላለሁ ነዋ የሚለው» አለች።

«ይላል። እሱን የሰማሽው ውስጥ ጻፊው። አንቺ ግን እግሩን እይ።»

«እግሩን?»

«እግሩን። ወደ ወንበሩ ሥር ከሳበው ተመልሰሽ ነይ።»